የከብቱን በር የዘጋችው ጠበቃ

የጥሩአየሁ አንድ የአዘቦት ቀን ምን ያህል ያስወጣታል ቢባል፣ የብሩ ወጪ ትንሿ ናት። ብዙውን ጊዜ በእግሯ ትሄዳለች። ባጃጅ ስትይዝ ደግሞ ሾፌሩ «ከአንቺማ አልቀበልም» ይልና ክርክሩ ከመንገዱ ይረዝማል። ትልቁ ወጪ ሌላ ነው። መጀመሪያ ቁርሷ ይሄዳል፤ ሻዩ ሳይቀዳ ደጅ ላይ ሰው ይቆማል። ቀጥሎ ድምፅዋ። ከቤቷ እስከ ምክር ቤቱ ቢሮ ያገኘችውን ሁሉ «እንዴት አደራችሁ» ብላ፣ የታመመ ጠይቃ፣ ሐዘን የደረሰበትን አጽናንታ ስትደርስ ጉሮሮዋ ቀኑን ሙሉ የሠራ ይመስላል። የስልኳ ባትሪ ምሳ ሰዓትን አያይም። መብራት ከሌለ፣ በከተማችን በገንዳ ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለም፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ጉዳይ ሁሉ በእግሩ ይመጣል። የልጇን የሃይሚን የቤት ሥራ ማየትም ከወጪው ይገባል፤ እሱን ጎረቤት ስለሆንን እኔ አይላታለሁ። ከሁሉ የሚከብደው ግን በዚያ ሙቀት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ስለ አንድ አጥር ሲያወራ ፊትን ሳያኮሳትሩ መስማት ነው። ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ።

ጥሩአየሁ የወረዳችን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ናት። ከዚያ በፊት ጠበቃ ነበረች።

አባቷ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ ሳሉግ ነበሩ። ሳሉግ የምንለው በአጨዳ ወራት ከደጋ መጥቶ፣ ሠርቶ፣ ደመወዙን ይዞ የሚመለሰውን የቀን ሠራተኛ ነው። እሳቸው ግን ሳይመለሱ ቀሩ። አንድ ዓመት ወባ ይዟቸው ከግራር ሥር ተኝተው ሲሰቃዩ ያስጠጓቸው ሰዎች፣ ሲሻላቸው ልጃቸውን ዳሩላቸው። ባምባ ውሃ በምትባለው ቀበሌ መሬት አግኝተው ሰሊጥና ማሽላ መዝራት ጀመሩ። ጥሩአየሁና ወንድሟ ባየልኝ እዚያ ተወለዱ። ባየልኝ ማሳውን ወደደ፣ እሷ ትምህርቱን። ገንዳ ውሃ ቤት ተከራይታ ተማረች፤ ጎንደር ሄዳ ሕግ አጠናች፤ ተመልሳም መጣች። መመለሷ ብዙ ሰው ገርሞታል፤ ከዚህ የሚማር ሰው እዚያው ነው የሚቀረው። «ለምን ተመለስሽ?» ሲሏት «ጎንደር ይበርዳል» ትላለች። ሌላ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

የጥብቅና ቢሮዋ መናኸሪያው አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ጠበቃ ይጮኻል ብሎ የሚያስብ ሰው እሷን ሲያይ ያዝን ነበር። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። የባላጋራን ክስ ከራሷ ደንበኛ ክስ በላይ ደጋግማ ታነባለች፤ ችሎት ላይ ደግሞ አጭር ጥያቄ ትጠይቃለች። ስሟ ከገንዳ ውሃ አልፎ እስከ ጎንደር የተሰማው ግን በአንድ ክስ ነው። ይህን ክስ ለማስረዳት ስለ ከብት በር መናገር አለብኝ።

ክረምት ሲገባ የደንቢያ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ከውሃ የተረፈውም ይታረሳል። ስለዚህ የዚያ አገር ባለ ከብቶች ከብታቸውን ወደ እኛ ቆላ ያወርዱና እስከ ጥቅምት በጓንግ ወንዝ ዳር ባለው ዱር ያሰማራሉ። በመንገዱና በዱሩ መካከል ግን የገበሬ ማሳ አለ። በባምባ ውሃ ይህን የሚፈታ ልማድ ነበር። በየዓመቱ ከዘር በፊት ገበሬዎችና ባለ ከብቶች ከትልቁ ባምባ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ገበሬ በአንድ ወገን፣ ባለ ከብት በሌላው ወገን ይቀመጣል። ተራው የደረሰ ገበሬ ብድግ ይልና ቃል ሳይናገር ወደ ባለ ከብቶቹ ተሻግሮ ይቀመጣል። እነሱም ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁለታል፤ እርጎ ይቀርብለታል። በቃ፣ ስብሰባው አለቀ። የዚያ ዓመት የከብት በር፣ ከብቱ ወደ ዱሩ የሚያልፍበት መንገድ፣ በእሱ ማሳ ነው ማለት ነው፤ ጠርዙን ሳይዘራ ይተወዋል። ወርዱ ሁለት በሬ ቀንድ ለቀንድ ሳይነካካ ጎን ለጎን የሚያልፍበት ያህል ነው። ከማን ቀጥሎ ማን እንደሆነ በቃላቸው የሚይዙት አባ ውባንተ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ።

ነገሩ የተበላሸው ተራው የጋሽ ይርዳው በነበረበት ዓመት ነው። ጋሽ ይርዳው ትራክተር ያላቸው ትልቅ ገበሬ ናቸው። በክረምቱ መግቢያ ተሻገሩ፣ እርጎውንም ጠጡ። ጥቅምት ላይ ግን ከብቶቹ ሲመለሱ ከበሩ ወጥተው ማሳው ውስጥ ገቡ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ እንዲደርቅ ቆሞ ነበር። የደረቀ ሰሊጥ አፉን ይከፍታል። አንዲት ላም ጎኗን ካከከችበት ፍሬው መሬት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚለቅመው ጉንዳን ብቻ ነው። ጋሽ ይርዳው የከብቶቹን ባለቤት ለይኩንን ከሰሱ፤ ጥሩአየሁን ጠበቃ አቆሙ።

ለይኩን ከደንቢያ መጥቶ ችሎት ቀረበ። «በር ነበረ፤ ተራውም የእሳቸው ነበር። ከብት ነው፣ ጥቂት ወጣ አለ» ብሎ ተከራከረ። አባ ውባንተ ምስክር ሆኑ። ጥሩአየሁ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ ይህ በር የት ተጽፏል?»

«አልተጻፈም፤ ሰው ያውቀዋል።»

«ወርዱ ስንት ሜትር ነው?»

«ሁለት በሬ ቀንድ ለቀንድ ሳይነካካ።»

«የማን በሬ? የእርስዎ ነው የለይኩን?»

ችሎቱ ሳቀ። አባ ውባንተም አብረው ሳቁ ይባላል። ፍርዱ በጋሽ ይርዳው ማሳ ላይ በሕግ የታወቀ መተላለፊያ የለም አለ፤ ለይኩንም ካሳ እንዲከፍል ታዘዘ። ጋሽ ይርዳው ፍየል አርደው ጠበቃቸውን ጋበዙ።

በሚቀጥለው ዓመት ተራው ደርሶት የነበረው ገበሬ ከባምባው ሥር ተቀምጦ ዙሪያውን ተመለከተና «ይርዳው በር ከሌለበት የእኔ ማሳ ምን በደለ?» አለ። አልተሻገረም። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም አልተሻገረም። ባለ ከብቶቹ እርጎውን ራሳቸው ጠጥተው ተነሡ። ያን ክረምትና ቀጣዩን ክረምት ከብቶቹ ሰሊጥ የጫነ መኪና በሚሮጥበት አስፋልት ዞረው ሄዱ። የተገጨ ተገጨ። የቀረው ጨለማን ተገን አድርጎ በማሳ መካከል ሲያልፍ ተያዘ፤ በዱላ መደባደብ ሆነ፤ የለይኩን የወንድም ልጅ ክንዱን ተሰበረ። አባ ውባንተም በዚያው ዓመት በሕመም ሞቱ።

ምርጫው የመጣው በዚህ መካከል ነው። ጥሩአየሁ እንድትወዳደር የገፋፏት በክሱ ያወቋት ገበሬዎች ናቸው። ጋሽ ይርዳውማ ትራክተራቸው ላይ ድምፅ ማጉያ አስረው «ለእኔ የረታች ለእናንተም ትረታለች!» እያሉ ከባምባ ውሃ እስከ ገንዳ ውሃ ዞሩ። ተመረጠች፤ አፈ ጉባኤም ሆነች። የጥብቅና ቢሮዋን ሰሌዳ አውርዳ ጓዳዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

በመጀመሪያው ሰኔ ለይኩን ቢሮዋ ገባ። ችሎት ላይ ከተለያዩ ወዲህ ሰላምታ አልነበራቸውም። ወንበር አሳየችው፤ አልተቀመጠም።

«አቤቱታ ይዤ አልመጣሁም» አላት። «አቤቱታ ጽፎ የሚረታ ሰው ያለአንቺ አላውቅ፤ አንቺ ደግሞ ከወዲያ ወገን ነሽ።»

«አሁን ከማንም ወገን አይደለሁም።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ከብቶቹ ለሐምሌ አቦ እዚህ ናቸው። አምና ልጃችን ክንዱን ተሰብሮ ተመለሰ። ዘንድሮ እረኞቹ ዱላ ብቻ ይዘው የሚወርዱ አይመስለኝም። ኋላ አልነገርከኝም እንዳትዪ።»

«ይህ ዛቻ ነው?»

«ዛቻ ቢሆን ለአንቺ እነግርሻለሁ? ፍርሃት ነው እንጂ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉዳዩ ግልጽ ነበር። በሩ ከሐምሌ አቦ በፊት ካልተከፈተ ሰው ይሞታል። ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጥቶ እንዳያስከፍተው፣ ምክር ቤት የፍርድ ቤት ውሳኔ አይሽርም፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ የበጀቱ ጉባኤ ያዛት። ጉባኤው አልቆ ቀና ስትል ዝናቡ ጠንክሮ ገበሬው ሰሊጡን ዘርቷል። የባምባው ስብሰባ ከዘር በፊት መሆኑን የባምባ ውሃ ልጅ አይረሳም፤ እሷ ግን ረሳች።

ጋሽ ይርዳው ዘንድ ስትሄድ የትራክተራቸውን የማረሻ ዲስክ ግራሶ ሲቀቡ አገኘቻቸው።

«ጠበቃዬ! ግቢ፣ ግቢ!»

ገባች፤ ስለ ሰላም፣ ስለ ልማት፣ ስለ ሕዝብ ለሕዝብ ግንኙነት ተናገረች። እሳቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ፣ ጋሼ።»

«ይህን የሚናገር ሰው በሬዲዮም አለ። አንቺ የእኔ ጠበቃ አይደለሽም እንዴ?»

«ነበርኩ።»

«ነበርኩ የሚባል ጠበቃ አለ? ነበርኩ የምትል የክርስትና እናት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጋሼ፣ ልብ ይበሉ፤ አሁን የለይኩንም ነኝ።»

«የለይኩንም! እኔ ከፍዬ፣ ትራክተሬን አንከራትቼ፣ ለይኩን ይጠቀም! አየሽ፣ ፍርድ አለኝ። ኸላስ!»

ኸላስ ከሱዳኖች ገበያ የወረስናት ቃል ናት፤ አለቀ ማለት ነው። ኸላስ ከተባለ በኋላ ዋጋ አይቀነስም። ሻይ ጠጥታ ወጣች።

ስብሰባውን ዘግይቶም ቢሆን ጠራችው። ከባምባው ሥር ጠረጴዛ አስቀመጠች፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አመጣች፣ «አስተያየት ያለው እጁን ያውጣ» አለች። እዚያ ዛፍ ሥር ማንም እጁን አውጥቶ አያውቅም። ገበሬው በአንድ ወገን፣ ባለ ከብቱ በሌላው ወገን እንደ ልማዱ ተቀመጠ። በመጨረሻ አንዱ ከኋላ «ይርዳው ይጀምር!» አለ። ሌላው «የበቀለ ሰሊጥ ማን ያስረግጣል? እብድ ፈልጉ!» አለ። ጋሽ ይርዳው ጃንጥላቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

ጥሩአየሁ ከወንበሯ ተነሥታ ከወንድሟ ከባየልኝ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«የአባታችንን ማሳ እንስጥ» አለችው።

«ሰሊጤ ሁለት ቅጠል አውጥቷል እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ተራችንም አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ሁሉን ካወቅሽ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«የምታርሰው አንተ ነሃ።»

ባየልኝ ሱሪውን አራግፎ ተነሣና ሁሉም እንዲሰማ «ምክር ቤቱ ሰሊጥ ሲያበቅል አያለሁ!» ብሎ ተሻገረ። ሰዉ ሳቀ። ባለ ከብቶቹ ቦታ ለቀቁለት፤ እርጎ ሰጡት፤ እስኪጨርስ ቀና አላለም።

ችግሩ የዚያ ማሳ መጨረሻ ዱሩ ጋ አለመድረሱ ነበር። በመካከል የጋሽ ይርዳው መሬት ይገባበታል። ለይኩን ይህን አይቷል።

«እግዜር ይስጥልን» አለ። «ዱሩ ጋ የማይደርስ በር ግን ግድግዳ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ጋሽ ይርዳው ዞረ። ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከብቶቹ ለሐምሌ አቦ ዋዜማ ደረሱ። በባየልኝ ማሳ ጠርዝ፣ ቡቃያውን እየረገጡ ገቡና የጋሽ ይርዳው መሬት ጋ ሲደርሱ እረኞቹ አቆሟቸው። ለይኩን ወጣቶቹን ከኋላ አድርጎ እሱ ከፊት ቆመ። ጥሩአየሁ በጭቃ ቦት ጫማ መጣች። ላሞቹ ይጮኻሉ፤ የኋለኞቹ የፊተኞቹን ይገፋሉ። ጋሽ ይርዳው ከቤታቸው ወጥተው ጠርዙ ላይ ቆሙ። ወዲያው ቢያባርሩ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ጥሩአየሁን ጠሯት።

«ጠበቃዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዛሬ እነዚህን ባሳልፍ ፍርዴ ይሞታል?»

ጠበቃዎ አይደለሁም ልትል አፏን ከፍታ እንደነበር ነግራኛለች። ተወችው።

«አይሞትም» አለቻቸው። «ፍርዱ በሕግ የታወቀ መተላለፊያ የለም አለ እንጂ፣ አያሳልፉ አላለም። በፈቃድዎ ያሳለፉት ከብት ፍርድ አያፈርስም። ነገ መብታችን ነው ብለው ቢመጡብዎ ፍርዱ እንዳለ ነው።»

«ታዲያ ይህን ቀድመሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝም።»

«አንቺስ?»

«እኔም አላሰብኩትም። ስለ ሰላም እያወራሁ ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር ለማለት አልፈልግም። ግን ያ ቀበሌ ሁለት ክረምት ሙሉ ፍርዱ በር መክፈትን የከለከለ መስሎት ነበር የኖረው፤ የረታውም፣ የተረታውም፣ ተከራክራ ያስፈረደችውም።

ጋሽ ይርዳው ትራክተራቸውን አስነሡ። ዲስኩን አወረዱና የራሳቸውን ቡቃያ በጠርዙ ገለበጡት፤ እዱሩ ጋ ደርሰው ተመለሱና ጎኑን ደገሙት። ከዚያ ወርደው ለይኩንን ጠየቁ።

«ቀንድ ለቀንድ የምትሉት ይህን ያህል ነው?»

«ለሁለት ተኩል በሬ ይበቃል» አለ ለይኩን። እርጎ ሰጣቸው። ጋሽ ይርዳው ቀመሱና «ይቺን ለመጠጣት ሁለት ክረምት አስቆማችሁኝ» አሉ።

«የቆሙትስ አንቱ ነዎት። እርጎውማ በየዓመቱ ይረጋ ነበር።»

ከብቶቹ አለፉ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር አማረ አልልም። ባየልኝ ያንን የማሳ ጠርዝ ሳያጭድ ቀረ፤ ለእህቱም «የምክር ቤቱ ድርሻ» ብሎ ባዶ ጆንያ ላከላት። አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ለመጤ ታደላለች ይሏታል። በሚቀጥለው ምርጫ ትቀርብ እንደሆነ አይታወቅም፤ እሷም የጥብቅና ፈቃዷን እንደማትተወው ነግራኛለች። በጥቅምት ግን ከብቶቹ በዚያው በር ተመለሱ፤ እረኞቹ በሁለቱም ወገን ቆመው የቆመ ነዶ ሳይነካ አሳለፏቸው። ሰው አልሞተም፤ አልተደበደበምም። እኔ ይህንን ትንሽ ነገር አላደርገውም፤ መንገዱ በየጊዜው በሚዘጋበት አገር ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ትልቅ ነው።

አሁን የቀረው የሚቀጥለው ክረምት ነው። ጋሽ ይርዳው «የእኔ ተራ ወጣ፤ ቀጣዩ ይምጣ» ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው። ቀጣዩ ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ ጠፋ። ጥሩአየሁ ከአጨዳ በኋላ ገበሬዎቹን ሰብስባ ስትጠይቅ ሁሉም «እኔ ሰጥቻለሁ» አለ። ሁሉም ሰጥቶ ከሆነ ተራው የማንም አይደለም ማለት ነው። አባ ውባንተ የሉም። ከድሮዎቹ ገበሬዎች አንዳንዱ መሬቱን አከራይቶ ጎንደር ገብቷል፤ አንዳንዱ አብደራፊ ነው፤ ሱዳን ሄዶ ጦርነቱ መልሶ ያመጣውም አለ። ስለ እሷ እንደምጽፍ ስነግራት ስለ ራሷ ምንም እንድጨምር አልጠየቀችኝም፤ ይህን ግን ጻፊልኝ አለች፦

«በባምባ ውሃ መሬት የነበራችሁ ወይም አባታችሁ የነበራቸው፣ ይህን የምታነቡ ሰዎች፤ ከክሱ በፊት በሩ በየትኛው ዓመት በማን ማሳ እንደነበረ የምታስታውሱ ካላችሁ እባካችሁ ኑና ተናገሩ። ሰጥታችሁ ከሆነ ይቆጠርላችኋል እንጂ ተራችሁ እስኪዞር ዳግመኛ አትጠየቁም። ሳትሰጡ ቀርታችሁ ከሆነም ማንም አይወቅሳችሁም፤ ብቻ በሉት። በስልክ አይሁን፤ በስልክ ያሉትን ማግስቱን አላልኩም ማለት ይቀላል። ግንቦት ሳያልቅ፣ ዘር ሳይጀመር፣ ከባምባው ሥር ሰው ፊት ይሁን። እናንተ መምጣት ካልቻላችሁ የሚያስታውስ ዘመድ ላኩ።»